ያልተነበበው ቀይ መስመር

የእኔንና የጠጋኙን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ መባል ከተገባው። አሠሪው ሲሚንቶ ቆጥቦ ይሁን እንድንዋደድ አስቦ እንጃ፣ እነሱ ቤት ማንኪያ ሲወድቅ ለማንሳት ጎንበስ የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ሁሉ የማውቀው ሰምቼ እንጂ አድምጬ አይደለም። የሁለቱን ልዩነት እንደኛ ዓይነት ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ እውልና ሌሊት እግሬ ብቻውን ሲረግጥ ያድራል። በመንደሩ ጠጋኝ መባል የሚገባው ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ ስሙን ግን ጎረቤቴ ወሰደው። ኮምፒውተር ስለሚጠግን ጠጋኙ አሉት፣ በዚያው ጸና። እኔን እትዬ ይሉኛል። እትዬ ደግሞ ስለ ዕድሜ የሚሰጥ ነው እንጂ የሙያ ስም አይደለም።

ጠጋኙ ዓይኑ ደህና በነበረ ጊዜ ከትምህርት ቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ ሱቅ ሲሮጥ የሚውል ሰው ነበር። የግራ ትከሻው ዝቅ ያለው ያን የመሣሪያ ቦርሳ ሲሸከም ኖሮ ነው። ስልክ ሲደወልለት የሚለው ነገር ዓመት እስከ ዓመት አይለወጥም። «ያየኸውን ንገረኝ፣ የመሰለህን ተወው» ይላል። ሰዉ ግን ያየውን መናገር አይወድም። ኮምፒውተሬ ሞተ ይላል፣ ቫይረስ በላው ይላል፣ ምቀኛ ሳይነካብኝ አይቀርም የሚልም አለ። እሱ ታዲያ ሳይቆጣ ስክሪኑ ላይ ምን እንደተጻፈ እንዳለ እንዲያነቡለት ይለምናል። ይህንኑ ሰምቼ ሰምቼ እኔም ለደንበኞቼ ማለት ጀመርኩ። ቀሚሱ አስጠላኝ አትበይኝ፣ የቱ ጋ እንደያዘሽ አሳዪኝ እላለሁ።

ዓይኑ መታመም ሲጀምር ግን የገዛ ምክሩን የረሳው እሱው ነው። ጥጋጥጉ ሲጨልምበት ስክሪኑ ነው ብሎ ደህናውን ስክሪን ቀየረ። አዲሱም ሲጨልምበት ሌላ አመጣ። እሱም ሲጨልም ነው ሐኪም ቤት የሄደው፤ ያን ጊዜ ብዙ አልፎ ነበር። የግራው ዓይን ኦፕራሲዮን ተደርጎ አልበጀውም። የቀኙም ተከትሎ ሄደ፤ ለእሱ ግን ተስፋ አለ ተባለ። ሐኪሙ ትንሽ ይረጋ፣ ከዚያ እንሠራዋለን ብሏል ብላ ሚስቱ ነገረችን፤ ለእሱም፣ ለእኔም፣ ለጠየቀ ሁሉ። እሱም ይኸው እስኪረጋ ይጠብቃል። መጠበቅ ሥራ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አለቃ ሆኖበት ነበር።

ሚስቱ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ። ሰው የተኛበትን አንሶላ እሷ ሳትተኛ ታጥባለች። ጠዋት ስትመለስ ጣቶቿ በሳሙናው ተሰነጣጥቀው ነው፤ በዚያው ጣት ለእሱ ቁርስ ትሠራለች፣ ትንሽ ጋደም ትላለች፣ ሳትተኛ ትነሳለች። ሲጋቡ ጀምሮ አውቃታለሁ። ድሮ ሳቋ ከስፌት መኪናዬ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። አሁን እዚያ ቤት ድካም እንደ ሦስተኛ ሰው ገብቶ ይኖራል፤ ማንም ውጣ የሚለው የለም።

ስለ ማሽኑም ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ በእሱ ነው የመጣው። የሌላው ሰው ኮምፒውተር ሲከፈት አንድ የሚያምር ሥዕል አሳይቶ ዝም ይላል፣ ሆዱ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ አይናገርም። የጠጋኙ ግን ሊኑክስ የሚሉት ነው፣ እሱ ራሱ ያይ በነበረ ጊዜ እንደ ልቡ ያዘጋጀው። ሲነሳ የሚሠራውን ሁሉ ጥቁር ስክሪን ላይ በየመስመሩ እየጻፈ ይነሳል። ይህን ጀመርኩ፣ ኦኬ፤ ያንን ከፈትኩ፣ ኦኬ። ያንን ሁሉ ጽሑፍ በሥዕል መሸፈን ይቻል እንደነበር ነግሮኛል፤ እሱ ግን የሚደብቅ ማሽን አልወድም ብሎ ተወው።

ዓይኑ ሲሄድ የሚናገር ፕሮግራም ጫነበት። ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነብለታል። አነጋገሩ አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው፣ ቃሉን ከመሀል ይሰብረዋል፣ ግን ሥራ ይሠራል። አንድ ክፉ ነገር ብቻ አለው። ድምፁ የሚመጣው ማሽኑ ተነስቶ ካበቃ በኋላ ነው። ሳይነሳ መንገድ ላይ ከቀረ ጠጋኙ የሌላ ሰው ዓይን ካላገኘ በቀር ምንም ማወቅ አይችልም።

በዚያ ማሽን ነው ሥራ ያገኘው። የተቀዳ ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚያስገለብጥ መሥሪያ ቤት አለ። ድምፁን ይልኩለታል፣ እየሰማ ይተይባል። ጣቶቹ ኪቦርዱን ከድሮም ሳያይ ያውቁታል። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ሥራው ነበር፣ ለሙከራ የተሰጠው። የክፍሉ ኃላፊ ሴትዮ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ቁርጡን ነግራዋለች። ሥራው በቀኑ መሥሪያ ቤቱ ሳይዘጋ ከደረሰ ቋሚ ሥራ ይሰጠዋል። ካልደረሰ ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ እሷም አለቃ አለባት። ጠጋኙ ተይቦ ተይቦ ጫፉ ላይ ደርሷል። የቀረው ጥቂት ገጽና መላክ ብቻ ነበር።

ሥራው የሚላክበት ቀን ጠዋት ማሽኑ አልተናገረም።

ሌላ ቀን ሻይ ሳፈላ በግድግዳው በኩል «ሰላም፣ ዴስክ፣ ቶፕ» ሲል እሰማለሁ። የዚያን ዕለት የሰማሁት የቁልፉን ቀጭታ፣ ዝምታ፣ እንደገና ቀጭታ፣ እንደገና ዝምታ ነው። በኋላ የሚስቱ እግር ደረጃው ላይ ተሰማ። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጠራት፣ ስክሪኑ ፊት አስቀመጣት፣ እንድታነብለት ለመናት። እንግሊዝኛዋ የትምህርት ቤት ነው፣ ፊደል ቆጥራ ታነባለች። ብዙም ሳይቆይ ድምፅዋ መጣ፤ ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ። አንሶላ እየቆጠረች ነበር የመሰለኝ።

ከዚያስ ይላታል። ከዚያም ያው ኦኬ ነው ትለዋለች። መጨረሻው ላይስ ሲላት ይቆማል አለችው። የቆመበት ላይ ምን ተጽፏል ብሎ ሲጠይቃት ትንሽ ዘገየችና ብዙ ወሬ ነው፣ ያው እንግሊዝኛ ነው፣ ምንም የለውም አለች።

ሁሉም ኦኬ ከሆነና ማሽኑ ካልተናገረ፣ ሕመሙ ከንግግሩ ሳይሆን ከአካሉ መሆን አለበት። ጠጋኙ እንደዚያ አሰበ፤ እሷ በነገረችው ከሄዱ ልክ ነው። መክፈቻ ፈልጎ ክዳኑን ፈታ። እኔም ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩምና ክር ቸግሮኝ ነው ብዬ ገባሁ። ልብስ ሰፊ ከኮምፒውተር ጠጋኝ ቤት ክር ስትለምን ማንም አልሳቀም። ያኔ ነው ነገሩ የከበደ መሆኑ የገባኝ።

ክፍሉ እንደ እኔው ነው፣ አልጋና ጠረጴዛ ተጋፍተው የሚኖሩበት። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል። ጠጋኙ ሚሞሪ የሚሏትን ቀጭን ሰሌዳ ነቅሎ የወርቅ ቀለም ያለውን ጠርዟን በላጲስ ይፈገፍጋል። ሚስቱ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰች አጠገቡ ቆማ በስልኳ መብራት ታበራለታለች። ለማን እንደምታበራ አልጠየቅኋትም። የልማድ ነገር ነው፤ ድሮ ሲሠራ የምታበራለት እሷ ነበረች።

ሚሞሪዋን መለሰ፣ አስነሳ። ኦኬ፣ ኦኬ፣ ከዚያ ዝም። የኤሌክትሪክ ገመዱን ቀየረ፣ አስነሳ፤ ያው ነው። ጆሮውን ማሽኑ ላይ ደፍቶ ቆየና አንድ የጎደለ ድምፅ አለ አለ። ማራገቢያው ይዞራል፣ መጀመሪያ ላይ የምትጮኸው ፊሽካ ጮኻለች፣ ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ምን እንደሆነ ሲያስብ ግንባሩ ተጨማደደ። «እስኪ እንደገና ንገሪኝ፣ ሁሉም ኦኬ ነው?» አላት። ሁሉም ኦኬ ነው አለችው። «እንግዲያው ጆሮዬ ነው» አለና ተወው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር ሆነ። ሚስቱ ቆማ ታንቀላፋለች፣ ስትነቃ ደህና ነው ትለዋለች። እሱ ሰሌዳ ይነቅላል፣ ሰሌዳ ይተክላል። አንድ ጊዜ ብሎን ወደቀችበትና መሬቱን በመዳፉ ሲዳብስ እኔ አንስቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አላመሰገነኝም፤ ብሎኗን በጣቶቹ መሀል ያሽከረክራት ጀመር።

«እጄም ዓይኔን ተከተለ መሰለኝ» አለ።

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኑ የጠፋ ቀን እንኳ እጄ አለ ነበር ያለው። ስልኩን አነሳና ለሴትዮዋ እደውላለሁ፣ ሥራውን ለሌላ ሰው ትስጠው አለ። ሚስቱ ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳውን አየች። እኔ ደሜ ፈላ። በማን እንደፈላ አላውቅም፤ በማሽኑ ይመስለኛል፣ ወይም በሕይወት። በል ከመደወልህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ አስነሳው፣ እኔም አይቼው ልሰናበተው አልኩት። ለእኔ ብሎ ቁልፉን ተጫነ፤ እኔም እስካሁን ከስክሪኑ ጀርባ ነበርኩና ዞሬ ከፊቱ ቆምኩ።

እኔ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አላውቅም። ስለዚህ የማየው ቀለሙን ነው፤ የሙያዬ ነገር ሆኖ ሌላ ቀርቶ የሰው ፊት እንኳ በቀለሙ ነው የማስታውሰው። ነጭ ጽሑፍ ይወርዳል፣ በየመስመሩ ራስ ላይ አረንጓዴ ኦኬ አለች። ሚስቱ ታነባለች። ከዚያ መውረዱ ቆመና ታች ላይ ቀያይ ኮከቦች ብቅ አሉ። ልጅ በር ላይ ቆሞ እናቱን ሲጠብቅ እንደሚንጎራደደው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ሚስቱ ማንበብ አቆመች። ኮከቦቹ ለደቂቃ ያህል ሲመላለሱ ቆዩና ጠፉ፤ በቦታቸው ቀይ ቃል መጣ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ከዚያ ብዙ ነጭ ጽሑፍ።

«ያ ቀዩ ምን ይላል?» አልኩ።

ሚስቱ እግሬን ረገጠችኝ። እኔ ደግሞ ሰው እግሬን ሲረግጠኝ እንደ ብልህ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። ምነው ረገጥሽኝ አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ጠጋኙ ስልኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ምን ቀይ ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። ያየሁትን ነገርኩት፣ የመሰለኝን ተውኩ። ኮከቦች ሲሮጡ ነበር፣ ጠፉ፣ ቀይ ቃል መጣ፣ ቢጫ ቃል ተከተለ። ቀዩ አሁን ብቻ ነው ወይስ ጠዋትም ነበር ብሎ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ። እሷ ዝም አለች። ዝም ስትል መልሱን አገኘ።

«አንብቢልኝ» አላት። «እንዳለ።»

አነበበችለት፣ ፊደል በፊደል። ጽሑፉ ሲፈታ አንድ ነገር ስጠብቅ ሰዓቱ አለፈ የሚል ነበር። ቢጫው መስመር ላይ ደግሞ ፎቶ የሚል ቃል አለ፣ አጠገቡ ፌል የምትል። ከሥሩ ያለው ነጭ ጽሑፍ ኢመርጀንሲ ይላል። ፌልን አውቃታለሁ አለች፤ የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ ላይ አይቻታለሁ። ኢመርጀንሲንም አውቀዋለሁ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ የተጻፈው ነው።

ታዲያ እያወቅሽ ለምን ዘለልሽው አላት። ቁጣ አልነበረውም፣ የደከመ ሰው ጥያቄ ነው።

«መጀመሪያ ደህና ደህናውን ልንገርህ ብዬ ነው» አለች። «መጥፎውን ቀስ ብዬ ልነግርህ ነበር። እየነካካህ ሳለ ደግሞ ይድናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።»

ጠጋኙ ሳቀ፤ ሳቅ ካሉት። «አሁን ለኮምፒውተርም መርዶ በዘዴ ሊነገር ነው?»

ከዚያ ነገሩን ለሁለታችንም አስረዳን። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ሆዱ ውስጥ ሁለት ዲስክ አለ። አዲሱ ድምፅ የለውም፣ ሥራውም ጽሑፉም ያለው እዚያ ላይ ነው። ሌላው አሮጌ ነው፣ ሲሽከረከር ያንጎራጉራል፤ ከጠዋት ጀምሮ የጎደለበት ድምፅ ያ ነበር። የሞተው አሮጌው ነው። ድሮ ማሽኑን ሲያዘጋጅ ግን በገዛ እጁ አንድ መስመር ጽፎበታል፤ አሮጌውን ዲስክ ሳታገኝ እንዳትነሳ የሚል። ማሽኑም የታዘዘውን ያደርጋል። የማይመጣውን ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ተስፋ ቆርጦ ቁጭ ይላል።

«ጆሮዬ ነግሮኝ ነበር» አለ። «ያንቺን ዓይን አምኜ ተውኩት።»

ይህን ሲል አንገቷን ደፋች። አሮጌው ዲስክ ላይ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የድሮ ፎቶዎቻቸው ናቸው፤ ሠርጋቸው አለ፣ የእናቱ የመጨረሻ ዓመት አለ፣ እሷ ፀጉሯን ጎንጉና በረንዳ ላይ የምትስቅበት አለ። ወደ አዲሱ አዛውረው ስንለው ዓይኔ ሲከፈትልኝ እያየሁ አዛውረዋለሁ፣ ሳላይ ብነካው እሳሳታለሁ ይል ነበር። እጁን ሰዶ ዲስኩን ዳበሰው። ሌላው ሁሉ ሞቆ እሱ ብቻ ቀዝቅዟል። ፎቶዎቹስ አለች። ሄዱ፣ ምናልባት የሚያወጣቸው ባለሙያ ይኖር ይሆናል፣ ግን አልዋሽሽም፣ ሄደዋል አላት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኪቦርዱ ሳበ።

እጁ ኪቦርዱ ላይ ሲያርፍ ሌላ ሰው ሆነ። ፓስዎርድ መታ፣ ያ የድሮ መስመር ያለበትን ፋይል ከፈተ። እሷ አነበበችለት፣ አሁን ምንም ሳትዘል። ነጥቡንም፣ ሰረዙንም፣ ባዶ ቦታውንም ሳይቀር ትነግረዋለች። ባዶ ቦታውን እንኳ ተይው ሲላት አይሆንም አለችው። የፎቶው መስመር ሦስተኛው ላይ ተገኘ።

እዚያ ላይ ቆመ። መስመሩን ጨርሶ መሰረዝ ይቻላል አለ። ወይም አንድ ቃል መጨመር ይቻላል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

«ከመጣ ይግባ፤ ካልመጣ ግን አትጠብቀው፣ ተነስና ሥራህን ሥራ ማለት ነው» አለኝ።

ትንሽ አሰበና አልሰረዘውም። ቃሏን ጨመረ።

ማሽኑ ተነሳ። ኦኬዎቹን እሷ አንብባ ሳትጨርስ ያ አፉን ያልፈታ ድምፅ «ሰላም፣ ዴስክ፣ ቶፕ» አለ። እንደዚያ ያለ ቅላጼ የሌለው ድምፅ ያስለቅሳል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እሷ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ክሩን ረስቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለዚያን ዕለት የተቀጠረ ቀሚስ ነበረብኝ፣ ጠርዙ ያልተመታ። የቀሚሱ ባለቤት ማታ ልትለብሰው ነው። መኪናዬ ፊት ተቀምጬ እግሬን ፔዳሉ ላይ ሳደርግ የጠጋኙ ድምፅ በግድግዳው በኩል መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ግን ግልጽ።

«ሐኪሙ እኔን ወንበር ላይ አስቀምጦ አንቺን ኮሪደር ላይ ያስቀረሽ ቀን» አለ። «ስትመለሺ ምን አለ ብዬሽ ነበር።»

እሷ ምን እንዳለች አልተሰማኝም።

«ትንሽ ይረጋ ብሏል አልሽኝ። አረማመድሽ ግን ያን ቀን ሌላ ነበር። እሱንም ሰምቼ ነው የተውኩት።» ከዚያ «ቀዩን አንብቢልኝ» አላት።

እግሬ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ቀረ። እነሱ ቤት ማሽኑ ማንም ሳይጠይቀው ሰዓቱን ተናገረ፣ ቃሉን ከመሀል እየሰበረ። ቀጥሎ የእሷ ድምፅ መጣ። ማልቀስ አልነበረውም፤ ሸክሙን ከጀርባው ሲያወርድ የሚናገር ሰው ድምፅ ነው።

«የዓይንህ ነርቭ ሞቷል አለ። ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር የለም። አይመለስም።»

እኔ በአንድ እጄ ጨርቁን፣ በሌላው የመኪናዬን መዘውር ይዤ አንድ ነገር ሲሰበር ጠበቅኩ። ወንበር ሲገለበጥ፣ ሰሃን ሲወረወር፣ ቢያንስ ማንኪያ ሲወድቅ። ምንም አልወደቀም። መቼ ነው ይህን ያለሽ ብሎ ጠየቃት። ካለፈው ክረምት በፊት ነው አለችው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ይዘሽው ነው የከረምሽው?» አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነ ልቅሶ ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግድግዳው እስከዚያ ድረስ አይናገርም። የሁለቱም ይሆናል። ቆይቶ አልጋው ተንቋቋ። ጫማሽን አውልቂ፣ ዩኒፎርምሽንም አውልቂና ተኚ አላት። ቁርስም ምሳም አልቀመሰም፤ ልሥራልህ ስትለው አልሰማትም። «ሂጂ ተኚ። እኔ ሥራ አለብኝ» አለ።

የኪቦርዱ ድምፅ ጀመረ። መጀመሪያ ዘገምተኛ ነበር፣ አንዳንዴ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማል፤ ሲቆም እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ሲቀጥል እተነፍሳለሁ። ኋላ ላይ ሳይቆም ይሄድ ጀመር። በመሀሉ ሌላ ድምፅ ተጨመረበትና ምንድን ነው ብዬ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ሚስቱ ታንኮራፋለች። ስንት ጊዜ አብረን በአንድ ግድግዳ ስንኖር ቀን ተኝታ ስታንኮራፋ ሰምቻት አላውቅም። ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፍና የምትነሳ ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ቤቱን እስኪያናውጥ አንኮራፋች።

የእኔ መኪና አሮጌ ነው፣ ሲረገጥ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። እግሬን አንስቼ መርፌ ፈለግሁና የቀሚሱን ጠርዝ በእጄ መስፋት ጀመርኩ። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም፣ እጄም ዘገምተኛ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ ሳይዘጋ፣ ማሽኑ «ተል፣ ኳል» ሲል ሰማሁ፣ ጠጋኙም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። እሷ አልነቃችም።

ደንበኛዬ ስትመጣ ቀሚሱ ግማሽ ላይ ነበር። ተቆጣች፣ እውነትም አላት፤ መኪናው ተበላሸ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ብላት ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። መኪናው ደህና ነው፣ ጎረቤቴ ተኝታ ነበር አልኳት።